ሰፌዱ ስልክ

ይበልጣል መተማ ወርዶ ሰሊጥ አጭዶ፣ ወባውንም ትንኙንም ችሎ ሲመለስ፣ እንደ አገሩ ጎረምሳ በግ ወይ ጃኬት ይዞ አልመጣም። ስልክ ይዞ መጣ። ስልክ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ስልክ አይምሰላችሁ። ሰፊ! ያየው ሁሉ በእጁ እየመዘነ አንድ ነገር ሳይል አይመልስም። ጎረቤቱ ካሣነሽ፣ ምላሷ እንደ ወፍጮ የማያርፍ ሴት፣ ገና ከእጁ ስትቀበለው፣

«ኧረ በኪዳነ ምሕረት! ይኼማ ምስር ይንገዋለልበታል! ሰፌድ ነው እኮ!» አለች።

በቃ፣ ስሙ ሰፌዱ ሆኖ ቀረ። ከአርብ ገበያ ቁልቁል ባለችው በዚያች አጥቢያ የክርስትና ስሙን የረሳ ሰው ሞልቷል፤ ሰፌዱን ያልሰማ ግን የለም።

ሰፌዱ ጥሩ ነገር ነበር፣ ውሸት አያስፈልግም። የኔታ ቀለመ ወርቅ ዓይናቸው ደክሞ ዳዊታቸውን በቃል ብቻ ይደግሙ ነበር። ይበልጣል ዳዊቱን ስልኩ ላይ ከፈተና ሁለት ጣቱን ሰዶ ፊደሉን እንደ ሊጥ ለጠጠላቸው። አንዱ ፊደል የበግ ግልገል አክሎ መጣ። የኔታ አንድ መስመር አነበቡና፣

«ዓይኔን መለስክልኝ፤ አሁን አንተን የጎደለህ ምግባር ብቻ ነው» አሉት።

በሌላው ስልክ ዘፈን ሲታይ አንዱ ያይና የቀረው ከጎኑ ሆኖ አንገቱን ይሰብራል። በሰፌዱ ግን አንድ አውድማ ሙሉ ሰው ያያል። ሽማግሌው ያለ መነጽር፣ አሮጊቷ ከመደቧ ሳትነሣ። ድምፁም ቢሆን የደወል ያህል ነው።

ክፉ ጎኑስ? እሱንም ማውራት ነው። ኪስ አይገባም። ከገባም ግማሹ ውጭ ቀርቶ፣ ከበረት እንደወጣ ጥጃ አንገቱን አስግጎ ያያል። ይበልጣል ሲቀመጥ ሆዱን፣ ሲሮጥ ጭኑን ይወጋዋል። በአንድ እጅ ደግሞ አይያዝም፤ አውራ ጣት ከዳር እዳር አይደርስም። የጋይንት ሰው ዱላውን ጥሎ አይሄድ፤ ይበልጣል ግን ሰፌዱን በሁለት እጁ ሲይዝ ዱላውን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እንደ ታመመ ሰው ነው የሚሄድ። ውሻ በመጣ ቁጥር አንዱን ይጥላል። ዱላውን እንዳይጥል ውሻ፣ ስልኩን እንዳይጥል መስታወት!

ቻርጅማ አትጠይቁ። እንደ ሰርገኛ ነው የሚጠጣው። የካሣነሽ ቤት ላይ ባለችው ትንሽ ሶላር ሲሰካው አምፖሏ ታንቀላፋለች። «የኔን ብርሃን ጠጥቶ ለአንተ ዘፈን ይዘፍናል!» እያለች ትነቅልበታለች።

አንዴ ከእጁ ወድቆ ጥጉ ተሰነጠቀ። ንፋስ መውጫ ከተማ ወስዶ ለስልክ ጠጋኝ ቢያሳየው፣ ጠጋኙ አገላብጦ አይቶ መለሰለት።

«ወንድሜ፣ ጥጉ ነው፣ ቻለው። የዚህ ዓይነቱ መስታወት እዚህ አገር አይገኝም። ሙሉ ከተሰበረብህ ወደኔ አታምጣው፤ ሚስማር ምታና ግድግዳ ላይ ስቀለው።»

ይበልጣል ሳቀ። በዚያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ያስቀው ነበር።

አያ ጓዴ የአጥቢያው ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው ገበሬ ነበሩ። ገብሳቸው አይከስርም፣ ዳኝነታቸው አያዳላም፣ ነገር ግን አይስቁም። በእርግጥ መሳቁን ይስቃሉ፤ ሳቅ ሲመጣባቸው ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው አፋቸውን ይሸፍኑና ትከሻቸው ብቻ ይነቃነቃል። የፊት ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ ያየ የለም። ሚስታቸው እትዬ ዓለምጸሐይ እንኳ አላዩም። «እኔ ባሌ ሲስቅ የማውቀው በጋቢው ነው» ይሉ ነበር።

ሸጊት የምትባል በቅሎ አለቻቸው። እንደሷ ያለች እልኸኛ በጋይንት በስማዳ ተፈልጋ አትገኝም። ሂጅ ሲሏት ትቆማለች፤ ቁሚ ሲሏት ትሄዳለች። አያ ጓዴ ሰው ሁሉ ይፈራቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ሸጊትን ይለማመጣሉ።

ባለፈው ጥር፣ ውቂያው አልቆ እህሉ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ አያ ጓዴ ከአርብ ገበያ ሲመለሱ ወንዙ ዳር ላይ ከሸጊት ሊወርዱ አሉ። ቀኝ እግራቸው መሬት ረገጠ፣ ግራው እርካቡ ውስጥ ተቀረቀረ። ሸጊት በዚያች ደቂቃ መሄድ አማራት። አያ ጓዴ በአንድ እግራቸው እንደ ቆቅ እየዘለሉ ተከተሏት። ይበልጣል ከማዶ ቆሞ ነበር። የሰው ልጅ ቢሆን ሮጦ ልጓሙን በያዘ። እሱ ግን ሰፌዱን መዘዘ።

«ቁሚ ሸጊት! ኧረ ቁሚ እናቴ! ቁሚ ብያለሁ!»

ሸጊት መቼ ሰምታ። አያ ጓዴ እየዘለሉ ዞር ሲሉ ይበልጣልን አዩት።

«አንተ ውርጋጥ! ያን ሰፌድህን ጥለህ ያዝልኝ እንጅ!»

«ቆይ አያ ጓዴ! ፊትዎን ወደዚህ!»

እግራቸው ድንገት ሲላቀቅ ጭቃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። ጋቢው ወዲያ በረረ። ሁለት እጃቸው ጭቃው ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ሳቅ መጣባቸው። በምን ይሸፍኑት? አፋቸውን ከፍተው፣ ባዶ ድዳቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ሃሃሃ! ወይ ሸጊት! ኧረ ገደልሽኝ እኮ!»

ይኸው ነው ቪዲዮው። ይበልጣል በአውድማው፣ በጠላ ቤቱ፣ በየአጥሩ ጥግ አዞረው። አልቆ ራሱ እንደገና እንዲጀምር አድርጎ ከፍቶ ያስቀምጠዋል፤ ሰው በሳቅ ይሞታል። አያ ጓዴ ሰምተው ዱላ ይዘው አባረሩት፣ አልደረሱበትም። በሌላ ቀን ግን ራሳቸው ከቤቱ ጓሮ መጡና ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ፣

«እስቲ ያን ነገር አሳየኝ» አሉት።

አሳያቸው። ጋቢያቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ትከሻቸው ተነቃነቀ።

«ጥርሴ እንዲህ አልቋል እንዴ?»

«ኧረ ገና ነው አያ ጓዴ፣ ከኋላ ሁለት አለዎት።»

«ዝም በል! ስማ፣ ለዓለምጸሐይ እንዳታሳያት። ያሳየሃት ቀን መግቢያ ምድር አታገኝም።»

ይበልጣል ቃሉን የማይጠብቅ ልጅ ነበር፤ ይህችን ግን ጠበቀ። ከአምላክ ይልቅ ያቺን ዱላ ይፈራ ስለነበር ነው። አገሩ ሁሉ ያንን ሳቅ አየው፤ እትዬ ዓለምጸሐይ ብቻ አላዩትም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አያ ጓዴ ጉንፋን ነው ብለው ተኙ። ጉንፋን አልነበረም። እንደ ቀልድ ሞቱ።

የቀብሩ ዕለት ይበልጣል አፈር ሲያለብስ ዋለ። ከቀብር መልስ እትዬ ዓለምጸሐይ ፎቶ ፈለጉ። ሳጥኑ ተከፈተ፣ ቦርሳው ተራገፈ፤ ከመታወቂያው በቀር የተገኘ የለም። መታወቂያውንም አያ ጓዴ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ሲያርሱ ኖረው ላቡ ፎቶውን በልቶታል። ኮታቸው አለ፣ ክራቫት የመሰለ ነገር አለ፤ ከአንገት በላይ ነጭ ነው።

«ያለ መልክ ቀረሁ» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ። «ዓይኔን ስጨፍን የታመመው ነው የሚመጣብኝ። የታመመውን አልፈልግም እኔ።»

ይበልጣል ከበሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። ሳያስበው ከአፉ ወጣ።

«እኔ ዘንድ አለ።»

«ምን?»

«አያ ጓዴ አሉ። ስልኬ ውስጥ። እየሳቁ።»

እትዬ ዓለምጸሐይ ቀና ብለው አዩት። «በጋቢው?»

«ያለ ጋቢ።»

እሳቸው ነጠላቸውን ጭምድድ አድርገው ያዙ። ከዚያ፣ «አሁን አሳየኝ» አሉ።

ግን ሰፌዱ ሞቷል። ሰማዩ ሰሞኑን ደመና ስለነበር የካሣነሽ ሶላር ለራሷ አምፖል እንኳ አልሆነችም። ይበልጣል የጠፋውን መስታወት ይዞ ቆመ። ከዘመድ ሁሉ ቀረብ የሚለው የአያ ጓዴ የወንድም ልጅ አንተነህ፣ ቆፍጣና ሰው ነው፣ ገና ከመነሻው ነገሩ አልጣመውም።

«ይኼ ውርጋጥ ደግሞ! በቁማቸው ሲጫወትባቸው ኖሮ አሁን በሬሳቸው ሊጫወት ነው?»

«ተወው» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ። «ሂድና ቻርጅ አድርገህ ና። ለሣልስቱ አድርሰው። ለተዝካሩ ደግሞ ንፋስ መውጫ ፎቶ ቤት አሳጥብልኝ፤ በፍሬም አድርጌ ከራስጌዬ እሰቅለዋለሁ።»

ኔትወርኩ ከጠፋ ከርሟል፤ አለዚያማ ለፎቶ ቤቱ በላከው። ወደሌላ ሰው ስልክ እንዳያሻግረው ደግሞ የአጥቢያው ሰው የያዘው ባለቁልፍ ስልክ ነው። አያ ጓዴ ያሉት በዚያች በአንዲት ሰፌድ ውስጥ ብቻ ነው።

ይበልጣል በሣልስቱ ዋዜማ አርብ ገበያ ወጣ። ቻርጅ ቤቱ ዘንድ ሰካው። የሌላው ስልክ ቡና እስኪጠጣ ሲሞላ ሰፌዱ ገና ያዛጋል። ሩብ እንኳ ሳይሞላ መብራት ሄደ። ጠበቀ፣ አልመጣም። በማግስቱም ረፋዱ ድረስ ጠበቀ። በመጨረሻ ያለችውን ይዞ፣ እንዳታልቅ ስልኩን አጥፍቶ፣ ቁልቁል ሮጠ። ዱላውን እቤት ትቷል። ሁለት እጁን ለሰፌዱ ሰጥቶ፣ ድንጋይ ባየ ቁጥር እያቃሰተ፣ እንደ ታቦት ተሸክሞት ወረደ።

ሲደርስ ለቅሶው ሞልቷል። ሸጊት ተጭና፣ የአያ ጓዴ ጋቢ ኮርቻው ላይ ታጥፎ፣ ዱላቸው ከጎኗ ተሰቅሎ፣ አንተነህ ልጓሟን ይዞ ሜዳውን ያዞራታል። አልቃሿ ደጊቱ ከፊት ሆና ታወርዳለች፣ ሰው ይቀበላታል። ሸጊት እንኳ እልኋን ትታ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች።

ይበልጣል ሰፌዱን አበራ፣ ቪዲዮውን ከፈተና ሳያጫውት በጣቱ ስቦ ሳቁ ላይ አቆመው። አያ ጓዴ አፋቸውን ከፍተው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ፣ ቀጥ ብለው ያዩታል። ስልኩ ራሱን እንዳያጠፋ አደረገው። ድምፁን ግን ረሳ። ድምፁ የኔታ ቅዳሴ ሲሰሙ ባስጮሁት ልክ እንደነበረ ነው።

እትዬ ዓለምጸሐይ ተደግፈው መጡ። ይበልጣል በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። አጎንብሰው አዩ።

«የታለ?»

«ይኸው እትዬ፣ ይኸው እኮ!»

«እኔን ነው የማየው።»

ፀሐይዋ እኩለ ቀን ላይ አናት ትበሳለች። ያ ሰፊ መስታወት ብርሃን ሲያርፍበት የመልክ ማያ ሆኖ ቁጭ አለ። ያየው ሁሉ የገዛ ፊቱን ነው የሚያይ። ይበልጣል አዘነበለው፣ በደረቱ ከለለው፣ በባርኔጣ ጋረደው። እትዬ ዓለምጸሐይ በእንባ የደፈረሰ ዓይናቸውን ጨምቀው ሞከሩ።

«ጥላ መሰለኝ። አንድ ነገር አየሁ መሰለኝ። እሱ ነው?»

«እሳቸው ናቸው።»

«ይቆየኝ ግዴለም። ለቅሶው ሲበተን ቤት ገብቼ በጨለማው እንዳሻኝ አየዋለሁ። አሁን ለሰው ይታይ። ከኮርቻው ላይ አድርጉት።»

«ኧረ ስልክ ሸጊት ላይ ሊሰቀል? ሰው ምን ይለናል?» አለ አንተነህ።

የኔታ ቀለመ ወርቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ነገሩን ቆረጡት። «ጋቢው ይወጣ የለም? ዱላው ይወጣ የለም? መልኩ ቢወጣ ነውሩ ምኑ ላይ ነው? አውጡት።»

ተሰቀለ። ኮርቻው ላይ፣ በታጠፈው ጋቢ አስደግፈው፣ በጠፍር አሰሩት። የጋቢውን ጫፍ ከላይ እንደ ጎጆ ክዳን ሲጥሉለት ጥላ አገኘና አያ ጓዴ ብቅ አሉ። ሰዉ አየ። እንደ አዲስ ጮኸ። ያ ጎረምሳ ሁሉ፣ በአውድማው ላይ በዚያው ፊት ሆዱን ይዞ የሳቀው ሁሉ፣ ደረቱን መታ። ይበልጣል ያን ጊዜ ልቡ ትንሽ ሞቀ። ሰፌዱ ለቁም ነገር ሆነ! ተመስገን! እትዬ ዓለምጸሐይም ከወዲያ ሆነው ወደ ጋቢው ጎጆ ያያሉ፤ ከዚያ ርቀት አይታያቸውም፣ ግን ያያሉ።

ልክ ያን ጊዜ ከስማዳ በኩል የአያ ጓዴ እህት እትዬ ታንጉት ደረሱ። መርዶውን ሰምተው ገደሉን በእግራቸው ወጥተው ነው የመጡት። ጫማቸውን እጃቸው ላይ ይዘዋል። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ሰዉን ሰንጥቀው ሲገቡ ጋቢው ሥር ያ ፊት እየሳቀ ጠበቃቸው። ማን ይከልክላቸው? የሸጊትን አንገት አቅፈው፣ እንደ መስቀል ተሳለሙት። ግንባሩን ሳሙ፣ ጉንጩን ሳሙ፣ ያን የተከፈተ አፉን ደግሞ መሐል ለመሐል ሳሙት።

የማጫወቻው ምልክት የተቀመጠው መሐል ለመሐል ነው። በትንሽ ስልክ ቢሆን ከንፈራቸው ይስተው ይሆናል። በሰፌዱ ግን ምልክቷ ራሷ የእንጀራ ዓይን ሳይሆን የእንቁላል አስኳል ታክላለች።

«ሃሃሃ! ወይ ሸጊት! ኧረ ገደልሽኝ እኮ!»

እትዬ ታንጉት ዘለው ወደቁ። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ አማተበ። ሸጊት ጆሮዋን ቀሰረች። ቪዲዮው አለቀና፣ ይበልጣል እንዳስለመደው፣ ራሱ እንደገና ጀመረ።

«ቁሚ ሸጊት! ኧረ ቁሚ እናቴ! ቁሚ ብያለሁ!»

ሸጊት ቆመች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቁሚ ሲሏት ቆመች። ይህችን የሰማይ አምላክ ይመስክር። ቆማ ጌታዋን ፈለገች። ወደ ቀኝ አየች፣ የሉም። ወደ ግራ አየች፣ የሉም። ድምፃቸው ግን ከጀርባዋ ነው። ዞረች። እሷ ስትዞር ድምፁም አብሯት ዞረ። እንደገና ዞረች። አንተነህ ልጓሙን ቢይዝ አፈፍ አድርጋ ወስዳው ከመሬት አንከባለለችው። ይበልጣል «ሰፌዱን! ሰፌዱን ያዙ!» እያለ ሮጠ፤ ግን ከየት በኩል ይቅረባት፣ የራሷን ጀርባ እያሳደደች እንደ እንዝርት ትሾራለች። ጋቢው ወደቀ። ጠፍሩ ላላ። ሰፌዱ ተንሸራተተና በፊቱ ድንጋይ ላይ ተደፋ።

የሚሰበር ነገር ሲሰበር ድምፁን ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ይበልጣል ተንበርክኮ አነሣው። መስታወቱ ከጥግ እጥግ የሸረሪት ድር ሆኗል። ውስጡ ጥቁር ነው። ከጥቁሩ ውስጥ ግን፣

«አንተ ውርጋጥ! ያን ሰፌድህን ጥለህ ያዝልኝ እንጅ!»

አሉት አያ ጓዴ።

ይበልጣል በጣቱ ነካው። በመዳፉ አሸው። በሸሚዙ ጠረገው። የሚታዘዘው ነገር የለም። መስታወቱ ሙቶ ድምፁ ብቻውን ይኖራል። «ፊትዎን ወደዚህ!» ይላል ደግሞ የራሱ ድምፅ፣ እየሳቀ፣ እየተቅለበለበ። ያን ድምፅ ሲሰማ ይበልጣል የማያውቀው ሰው መሰለው፤ ቢያገኘው በጥፊ በመታው።

«አጥፋው ይኼን ጉድ!» አለ አንተነህ አቧራውን እያራገፈ። «አጥፋው ነው የምልህ!»

ይበልጣል ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሊጫን እጁን ሰደደ።

«እንዳትነካው!»

እትዬ ዓለምጸሐይ ናቸው። ያለ ደጋፊ መጡ። መሬት ላይ ቁጭ አሉና ጭናቸውን መቱ። «ወዲህ አምጣው» አሉ። ይበልጣል አስቀመጠላቸው።

«ሃሃሃ! ወይ ሸጊት!»

እትዬ ዓለምጸሐይ አጎንብሰው መስታወቱን አዩ። ቀና ብለው ይበልጣልን አዩ።

«እዚህ ውስጥ አለ?»

«አሉ እትዬ።»

«እየሳቀ ነው?»

«እየሳቁ ነው።»

«ያለ ጋቢ?»

«ያለ ጋቢ።»

«ታዲያ አውጣልኛ» አሉት።

ይበልጣል እጁን ሰዶ መስታወቱን እንደገና በአውራ ጣቱ ጫነው። ጠጋኙ «ወደኔ አታምጣው» ያለው ነው ጆሮው ላይ የሚጮኽ።

«መስታወቱ ይቀየር የለም?» አለ አንተነህ፤ እሱም አሁን ድምፁ ወርዷል። «ንፋስ መውጫ ባይሆን ሌላ አገር... ይቀየር የለም ወይ?»

«እንጃ» አለ ይበልጣል። «አይገኝም ብሎኛል። እንጃ።»

ሰዉ ቀስ በቀስ ዙሪያውን ተቀመጠ። ለቅሶው ቆመ። አያ ጓዴ ሸጊትን ይለምናሉ፣ ይበልጣልን ይሳደባሉ፣ ጭቃው ላይ ዘጭ ይላሉ፣ ይስቃሉ፤ እንደገና ይለምናሉ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አልቃሿ ደጊቱ እንደ ሥራዋ አንድ ነገር ማለት ፈለገችና ድምፅዋን አነሣች፤

«ቁሚ ቁሚ ይላል ከጋቢው ውስጥ ሆኖ፣
መምጣቱስ መጣልን መልኩን ግን ሸፍኖ...»

የሚቀበላት አልነበረም። እሷም ሁለተኛውን ልትል አፏን ስትከፍት አያ ጓዴ ሳቁ፤ በሳቃቸው ላይ የሚጨመር ግጥም አጣችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ይበልጣል ብቻ ሌላ ነገር ይሰማዋል። ከሳቁ ሥር «ጢጥ» የምትል ነገር አለች። ያቺን ድምፅ ከሱ በቀር የሚያውቃት የለም። ሰፌዱ ቻርጅ ሲያልቅበት እንዲያ ነው የሚል። አርብ ገበያ ሄዶ ቢሰካውስ? ቢሞላም የመክፈቻው ቁልፍ በጣት የሚሰመር መስመር ነው፤ መስታወቱ ጣት አይሰማ። አንዴ ከጠፋ ጠፋ ማለት ነው። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል አለ በልቡ። ቢነግራቸው ምን ያደርጋሉ? ዝም አለ።

«ስሚው እስቲ» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ ለእትዬ ታንጉት። «ይኼ ሳቅ የወጣትነቱ ነው። ሲያገባኝ እንዲህ ይስቅ ነበር። ጥርሱ እያለ።» በነጠላቸው ጫፍ የመስታወቱን ስባሪ ጠረጉ፤ ጣታቸው ደማ፣ አላስተዋሉትም። «አሁን በራ ይሆን? ወገግ ያለ መሰለኝ።»

የበራ ነገር የለም። ሰማዩ ነው የታያቸው።

ጢጥ።

«ቁሚ ሸጊት! ኧረ ቁሚ እና...»

ዝም።

ሰዉ የሚቀጥለውን ጠበቀ። «እናቴ» እስኪሉ ጠበቀ። የሚጮኽ ዝንብ ብቻ ነበር።

«ምነው?» አሉ እትዬ ዓለምጸሐይ። «ደከመው እንዴ?»

«አዎ» አለ ይበልጣል። «ደከማቸው።»

«እንግዲያ ይረፍ።» ሰፌዱን በጋቢው ጠቀለሉ፣ አፉ ያለበትን በኩል ሳይሸፍኑ። ተነሡ። «ቤት ወስጄ በጨለማው አየዋለሁ ብዬ የለ። እዚህ ፀሐይዋ ናት የከለከለችኝ።» እንደ ሕፃን ታቅፈውት ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

ሜዳው ላይ አንተነህ የሸጊትን ልጓም ሳበ። ንቅንቅ አላለችም። «ሂጅ!» አላት። በጥፊ ጀርባዋን መታ። ሁለት ሰው ከኋላ ገፋት። እግሮቿን ተክላ፣ ጆሮዋን ወደ ቤቱ አዙራ ቆመች።

ይበልጣል ከበሩ ሥር ቁጭ አለ። እጁ ባዶ ነው። ሰፌዱም የለ፣ ዱላውም የለ፣ የት እንደሚያደርገው አጥቶ ጉልበቱ ላይ ጣለው። ከውስጥ የመስኮት መዝጊያ ሲገጠም ተሰማ፤ ብርሃን እንዳይገባ ነው። ከዚያ የእትዬ ዓለምጸሐይ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳይሰማባቸው፣

«ይበልጣል... አንተ ይበልጣል... ጨለማ አድርጌዋለሁ፤ ና እስቲ አብራልኝ።»